እንጦጦ በአራተኛ ማርሽ አይወጣም

ከመገጣጠሚያ መጫወቻ በሞተር የሚሄድ መኪና ስለመሥራት

ነገሩ የተጀመረው በአንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው፡፡ ውጭ አገር የምትኖረው እህቴ ለእረፍት ስትመጣ ለአስራ ሁለት ዓመቷ ልጄ አንድ ትልቅ ካርቶን ይዛላት መጥታ ነበር፡፡ ካርቶኑ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ባለ ቀዳዳ ዘንጎች፣ ጥርስ ያላቸው ትናንሽ ጎማዎች፣ አራት የላስቲክ ጎማዎች፣ የባትሪ ሳጥንና ጭብጥ የማትሞላ አንዲት የኤሌክትሪክ ሞተር ነበሩበት፡፡ በመመሪያው መጽሐፍ መሠረት ገጣጥመን ስንጨርስ የምትሄድ መኪና አገኘን፡፡ ልጄ ግን በሁለተኛው ሳምንት ሰለቻት፡፡ «የራሳችንን እንሥራ፤ ዕቃ የሚጭን ትልቅ አይሱዙ» አለችኝ፡፡

ፈታተንናትና ከመመሪያው ውጭ፣ ከራሳችን ጭንቅላት አንድ የጭነት መኪና ሠራን፡፡ ሞተሩን ከኋላ ጎማዎች ዘንግ ጋር በቀጥታ አገናኘሁት፡፡ መኪናዋ በሳሎኑ ወለል ላይ ስትበር አጨበጨብን፡፡ ከዚያ ልጄ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ጣውላ አምጥታ አንዱን ጫፍ በርጩማ ላይ አስደገፈችው፡፡ መኪናዋ ጣውላው ሥር ደርሳ አቃሰተችና ቀጥ አለች፡፡ በእጄ ገፋ ባደርጋት ወደ ኋላዋ ተንሸራተተች፡፡

«አባዬ፣ አንተ ኢንጂነር አይደለህም እንዴ?»

ነኝ፡፡ በመካኒካል ኢንጂነሪንግ ዲግሪ አለኝ፤ በማሽን ዲዛይን ትምህርትም ጥሩ ውጤት ነበረኝ፡፡ የማርሽን ቀመር ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ገልብጫለሁ፣ ሸምድጃለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ፡፡ ከተመረቅኩ በኋላ ግን ሥራዬ የጨረታ ሰነድ ማገላበጥ ሆነና ሁለት ማርሽ አንስቼ በእጄ ያገናኘሁበት ቀን ትዝ አይለኝም፡፡ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከዚያች ጥያቄ በኋላ ባሉት ወራት ያነበብኩት፣ የሞከርኩትና የተሳሳትኩት ነገር ለሌላም ወላጅ ይጠቅም ይሆናል በሚል ነው፡፡

የሒሳብ ሠራተኛው ፈጠራ

ለመሆኑ እነዚህ መጫወቻዎች ከየት መጡ? የመጀመሪያውና ዝነኛው የእንግሊዙ መካኖ ነው፡፡ ፈጣሪው ፍራንክ ሆርንቢ ይባላል፤ የሊቨርፑል ከተማ ሰው ነው፡፡ ሆርንቢ የምህንድስና ትምህርት አልነበረውም፤ በአንድ የሥጋ አስመጪ ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነበር፡፡ ለልጆቹ መጫወቻ ክሬንና ድልድይ ሲሠራላቸው ለእያንዳንዱ አዲስ ነገር አዲስ ቁራጭ መቁረጥ አድካሚ ሆነበት፡፡ መፍትሔ ያደረገው ቀላል ነገር ነው፤ ከብረት የተቆረጡ ቀጫጭን ዘንጎችን በሙሉ በእኩል ርቀት መብሳት፡፡ ርቀቱ እኩል ከሆነ ማንኛውም ቁራጭ ከማንኛውም ቁራጭ ጋር በቡሎንና በዳዶ ይታሰራል፤ ክሬን የነበረው ነገ ተፈትቶ መኪና ይሆናል፡፡

ይህን ፈጠራውን እ.ኤ.አ. በ1901 በፓተንት አስመዘገበ፡፡ መካኖ የሚለው ስም የመጣው ደግሞ በ1907 ነው፡፡ በመካኖ ቀዳዳዎች መካከል ያለው ርቀት ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ከመቶ ዓመት በፊት የተሠራ ዘንግ በቅርብ ዓመታት ከተሠራ ዘንግ ጋር እስከ ዛሬ ይገጥማል፡፡ በአሜሪካ ደግሞ ኤ.ሲ. ጊልበርት የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1913 ኢሬክተር የተባለውን ተመሳሳይ የብረት መገጣጠሚያ ለገበያ አቀረበ፡፡

መካኖ ገና ከጥንቱ በሞላ የሚሠሩና በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ሞተሮችን ይሸጥ ነበር፡፡ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ ደግሞ የመኪና ሞዴል ብቻ የሚሠራበት፣ በሞላ የሚንቀሳቀስ ልዩ መገጣጠሚያ አውጥቷል፡፡ የሊቨርፑሉ የቢንስ ሮድ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1979 ተዘጋ፡፡ ሥራው በፈረንሳይ ካሌ ከተማ ቀጥሎ የቆየ ቢሆንም ያኛውም ፋብሪካ እንደሚዘጋ በ2023 ተነገረ፡፡

በዛሬው ጊዜ በብዛት የሚታወቀው የዴንማርኩ ሌጎ ነው፡፡ ሌጎ የፕላስቲክ ጡቡን እ.ኤ.አ. በ1958 ያስመዘገበ ሲሆን፣ ባለ ቀዳዳ ዘንግ፣ ማርሽና ሞተር ያለውን፣ በኋላ ቴክኒክ የተባለውን ዘርፍ የጀመረው በ1977 ነው፡፡ በዚያው ዓመት ከወጡት አንዱ የመኪና ሻንሲ ነበር፤ መሪ፣ ካምቢዮና ወደ ላይና ወደ ታች የሚሉ ፒስተኖች ነበሩት፡፡ በ1980 የወጣው ሻንሲ ደግሞ ዲፈረንሻል ተጨመረበት፡፡ በሌጎ ቴክኒክ የቀዳዳዎቹ ርቀት 8 ሚሊ ሜትር ነው፡፡

መጫወቻ ብቻ ነው ለሚል ሰው ሁለት ምሳሌ ልጥቀስ፡፡ የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ዳግላስ ሃርትሪና ተማሪያቸው አርተር ፖርተር እ.ኤ.አ. በ1934 ከመካኖ ቁራጮች ዲፈረንሻል አናላይዘር የተባለ የሒሳብ መሣሪያ ሠርተዋል፡፡ ኮምፒዩተር ባልነበረበት በዚያ ዘመን በዘንጎችና በማርሾች መሽከርከር ብቻ ከባድ የካልኩለስ ስሌቶችን ይፈታ ነበር፡፡ ሁለተኛው የቅርብ ጊዜ ነው፡፡ ሌጎ እ.ኤ.አ. በ2018 ከአንድ ሚሊዮን በላይ የቴክኒክ ቁራጮች የተገጣጠመች፣ በቁመቷም በስፋቷም እውነተኛዋን የምታህል ቡጋቲ ሺሮን መኪና አሳየ፡፡ 1.5 ቶን ትመዝናለች፤ ሰው ተቀምጦባት በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቷታል፡፡ የሚነዷት 2,304 ትናንሽ የመጫወቻ ሞተሮች ናቸው፡፡ የማርሾቿ ቁጥር ግን 4,032 ነው፡፡ እኔ መጀመሪያ ሳነበው የገረመኝ የሞተሮቹ ብዛት ነበር፡፡ የማርሾቹ ቁጥር ለምን እንደሚበልጥ የገባኝ ቆይቶ ነው፡፡

ሁለተኛው ሞተር

መኪናችን ጣውላውን እምቢ ስትል እኔ ያሰብኩት ብዙ ሰው የሚያስበውን ነው፡፡ ጉልበት አነሳት፣ ስለዚህ ሞተር ይጨመርላት፡፡ እንደ አጋጣሚ እህቴ ያመጣችው ሌላ ትርፍ ሞተር ነበር፡፡ እሱንም በዚያው ዘንግ ላይ በቀጥታ ጨመርኩት፤ ለሁለቱ የሚሆን ተጨማሪ የባትሪ ሳጥንም ጫንኩ፡፡ መኪናዋ የጣውላውን መነሻ ጥቂት ሄደችና እንደገና ቆመች፡፡ ሞተሮቹን ስነካቸው ግለዋል፡፡ ልጄ ምንም አላለችም፤ ዝምታዋ ግን ከጥያቄዋ ይብስ ነበር፡፡

ሰኞ መኪናዬን ላሠራ ጋራዥ ስሄድ ሞዴሏን በላስቲክ ከረጢት ይዣት ሄድኩ፡፡ ለዓመታት መኪናዬን የሚያዩልኝ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው፤ ትምህርታቸው ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፡፡ መነጽራቸውን ወደ ላይ አድርገው ሞዴሏን አገላበጧትና ሳቁ፡፡

«ኢንጂነር፣ ለመሆኑ አንተ እንጦጦን በአራተኛ ማርሽ ነው የምትወጣው?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ፡፡ የእንጦጦን አቀበት በየጊዜው ወጥቻለሁ፤ ዳገቱ ሲጠና እጄ ሳላስበው ማርሹን ወደ ሁለተኛ፣ ከዚያም ወደ አንደኛ ይመልሰዋል፡፡ ዓባይ በረሃን የሚወጣ ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና ከእግረኛ ባልበለጠ ፍጥነት ሲጓዝ ስንት ጊዜ ተከትዬዋለሁ! እጄ የሚያውቀውንና ወረቀት ላይ የተማርኩትን ለሃያ ዓመት አገናኝቼያቸው አላውቅም ነበር፡፡

ማርሽ ምን ይሠራል?

ማርሽ ጉልበት አይፈጥርም፤ ይመነዝራል፡፡ ፍጥነት ይቀበልና ጉልበት ይሰጣል፣ ወይም ጉልበት ተቀብሎ ፍጥነት ይሰጣል፡፡ ሁለቱን አንድ ላይ የሚጨምር ማርሽ በዓለም ላይ የለም፡፡

ምንዛሪውን ለማወቅ ጥርስ መቁጠር ብቻ ይበቃል፡፡ ሞተሩ ላይ 8 ጥርስ ያለው ትንሽ ማርሽ፣ የጎማው ዘንግ ላይ 24 ጥርስ ያለው ትልቅ ማርሽ ብናስር ትንሹ ሦስት ጊዜ ሲዞር ትልቁ አንድ ጊዜ ይዞራል፡፡ የጎማው ፍጥነት ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል፤ የመጠምዘዝ ጉልበቱ ደግሞ በሰበቃ የሚባክነው ሲቀነስ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል፡፡ በመካኖም 19 ጥርስ ያለውና 57 ጥርስ ያለው ማርሽ ሲጣመሩ ውጤቱ ያው ሦስት ለአንድ ነው፡፡

የሚገርመው በሁለቱም መጫወቻዎች እነዚህ ጥንድ ማርሾች በትክክል የሚነካኩት ዘንጎቻቸው በሁለት ቀዳዳ ርቀት ላይ ሲሆኑ ነው፡፡ በሌጎ የማንኛውም ተራ ማርሽ ጥርስ ቁጥር ለሁለት ሲካፈል ከመሐል እስከ ጥርሱ ያለውን ርቀት በሚሊ ሜትር ይሰጣል፡፡ 8 ጥርስ ያለው 4፣ 24 ጥርስ ያለው 12፤ ድምሩ 16 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ሁለት ቀዳዳ ነው፡፡ 8 እና 40 ጥርስ ያላቸው ደግሞ በሦስት ቀዳዳ ርቀት ይገጥማሉ፤ ምንዛሪያቸው አምስት ለአንድ ይሆናል፡፡ ልጄ ይህን ካወቀች በኋላ ቀዳዳ በመሞከር ጊዜ ማጥፋት ትታለች፡፡

እዚህ ላይ ጀማሪ የሚሳሳትባቸውን ሁለት ነገሮች ልጨምር፡፡ አንደኛ፣ በሁለት ማርሾች መካከል ሦስተኛ ማርሽ ማስገባት ምንዛሪውን አይለውጠውም፡፡ የመሐለኛው ማርሽ ጥርስ 16 ይሁን 40 ለውጥ የለውም፤ የሚቀየረው የዙሩ አቅጣጫ ብቻ ነው፡፡ ምንዛሪውን ለማብዛት ከተፈለገ በአንድ ዘንግ ላይ ትልቅና ትንሽ ማርሽ አብሮ ማሰር ያስፈልጋል፡፡ ሦስት ለአንድ የሆኑ ሁለት ጥንዶች በዚህ መንገድ ሲቀጣጠሉ ዘጠኝ ለአንድ ይሆናሉ፡፡ ሁለተኛ፣ ጠመዝማዛ ቡሎን የሚመስለው ትል ማርሽ እንደ አንድ ጥርስ ይቆጠራል፤ ከ24 ጥርስ ጋር ሲጣመር 24 ለአንድ ይሰጣል፡፡ በዚህ መጫወቻ ውስጥ ትሉ ሌላውን ያዞራል እንጂ ሌላው ትሉን አያዞርም፡፡ ስለዚህ ለክሬን ማንሻ ተመራጭ ነው፤ ሞተሩ ቢጠፋም የተንጠለጠለው ዕቃ ተመልሶ አይወድቅም፡፡ ለመኪና ጎማ ግን አይመከርም፤ መኪናዋ በእጅ ስትገፋ አትሄድም፣ በሰበቃም ብዙ ጉልበት ይባክናል፡፡

በውሃ ጠርሙስ የሚደረግ ልኬት

ከመካኒኩ ከተመለስኩ በኋላ እንደ ቀድሞው በግምት መሥራት አልፈለግኩም፡፡ ከልጄ ጋር ሞተሩን ለካነው፡፡ መሣሪያው በየቤቱ አለ፡፡ የሞተሩ ዘንግ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ራዲየስ ያለው ትንሽ መዘውር አሰርን፡፡ በመዘውሩ ላይ ክር ጠቅልለን ጫፉ ላይ ባዶ የውሃ ጠርሙስ አንጠለጠልንና ሞተሩን ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አጥብቀን ያዝነው፡፡ በየሙከራው ውሃ እየጨመርን አስነሳነው፡፡ ጠርሙሱ አንድ ሊትር ገደማ ሲይዝ ሞተሩ ማንሳት አቃተው፡፡ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ የሞተሩ የመጨረሻ ጉልበት በ1 ሳንቲ ሜትር ላይ 1,000 ግራም ገደማ ነው ማለት ነው፡፡

ቀጥሎ መኪናዋን በወጥ ቤት ሚዛን መዘንናት፤ ከአንዱ ሞተርና ከአንዱ ባትሪ ሳጥን ጋር 1.5 ኪሎ ሆነች፡፡ ጣውላው 1 ሜትር ርዝመት፣ ከፍ ያለው ጫፉ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለው፡፡ ስለዚህ ወደ ታች የሚጎትታት ኃይል የክብደቷ ሠላሳ በመቶ፣ ማለትም 450 ግራም ያህል ነው፡፡ የጎማዋ ራዲየስ 3 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ በጎማው ዘንግ ላይ የሚያስፈልገው ጉልበት 450 ሲባዛ በ3፣ 1,350 ይመጣል፡፡

1,000 ያለው ሞተር 1,350 ሲጠየቅ ይቆማል፡፡ ነገሩ ይኸው ነው፡፡ ሁለት ሞተሮች 2,000 ይሰጣሉ ብዬ ነበር፡፡ ነገር ግን ተጨማሪው ሞተርና ባትሪ መኪናዋን 1.8 ኪሎ አደረሷት፤ የሚያስፈልጋትም 1,620 ሆነ፡፡ ዘንጎቹ በየቀዳዳው ሲታሹ ከሚገኘው ጉልበት ሩብ ያህሉ ቢባክን የሚቀረው 1,500 ነው፡፡ ቆመች፡፡

በአንድ ሞተርና በሦስት ለአንድ ማርሽስ? 3,000 ይገኛል፤ ሩቡ በሰበቃ ቢጠፋ እንኳ 2,250 ይቀራል፡፡ ከ1,350 ይበልጣል፡፡ የሚከፈለው ዋጋ ፍጥነት ነው፡፡ ያለ ጭነት በደቂቃ 400 ዙር ገደማ የሚዞር ሞተር ይህን ጎማ በቀጥታ ሲያዞር መኪናዋ በደቂቃ 75 ሜትር ያህል ትሄዳለች፤ በሦስት ለአንድ ግን 25 ሜትር፡፡ ለሳሎን ይበቃል፡፡ እንደ ልምዴ ከሆነ ሞተሩን ከመጨረሻ ጉልበቱ ግማሽ በላይ ለረጅም ጊዜ ማሠራት አይገባም፤ ይግላል፡፡ ረጅም አቀበት ለመውጣት አምስት ለአንድ ይሻላል፡፡

ሻንሲው ሲጣመም

ስሌቱ ተሟልቶ፣ ማርሹ ተቀይሮ፣ መኪናዋ ጣውላው ላይ ወጣች፡፡ ግማሽ መንገድ ላይ ግን «ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ» የሚል ድምፅ ተሰማና ቆመች፡፡ ሞተሩ ይዞራል፤ ጎማው አይዞርም፡፡ ማርሾቹ እየተንሸራተቱ፣ ጥርስ በጥርስ ላይ እየዘለለ ነበር፡፡

ምክንያቱን ያገኘችው ልጄ ናት፡፡ መኪናዋን በእጇ ይዛ ጎማውን ስታግደው ሞተሩ የተቀመጠበት ዘንግ ወደ ላይ ሲጎብጥ አየች፡፡ ጉልበት ሲበዛ ማርሾቹ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ የያዛቸው አካል ከለሰለሰ ይራራቃሉ፡፡ ከዚህ በኋላ እነዚህን ደንቦች ይዘናል፡፡

ማንኛውም የማርሽ ዘንግ በሁለት በኩል ይደገፍ፤ በአንድ ወገን ብቻ የተያዘ ዘንግ ጭነት ሲበዛበት ይዘማል፡፡ ሁለቱ የሚነካኩ ማርሾች በአንድ ወጥ ቁራጭ ላይ ይቀመጡ፤ አንዱ በአንድ ዘንግ፣ ሌላው በሌላ ዘንግ ላይ ከሆነ የሚያያይዛቸው መስቀለኛ ቁራጭ ያስፈልጋል፡፡ አራት ማዕዘን ሻንሲ በማዕዘኖቹ ላይ ይጣመማል፤ በሰያፍ አንድ ዘንግ ሲታሰርበት ሦስት ማዕዘን ይሆንና ይጸናል፡፡ የቤት ጣራ የሚሠራ አናጢ ይህን ያውቃል፡፡ በመጨረሻም ማጥበቅ ሁሉ ጥሩ አይደለም፤ የሚሽከረከር ዘንግ በጣት ሲነካ በነጻነት መዞር አለበት፡፡ በመካኖ ቡሎኑን በካቻቪቴ ከልክ በላይ ማጥበቅ፣ በሌጎ ደግሞ ማርሹን ከግድግዳው ጋር ማጣበቅ ሞተሩ ላይ የማይታይ ፍሬን እንደ መያዝ ነው፡፡

መሪና ዲፈረንሻል

መኪናዋ ቀጥ ብላ መውጣት ከቻለች በኋላ መታጠፍ ነበረባት፡፡ መታጠፍ ሁለት ችግር አለው፡፡

የመጀመሪያው የፊት ጎማዎች ነው፡፡ መኪና ሲታጠፍ የውስጠኛው ጎማ ጠባብ ክብ፣ የውጭው ሰፊ ክብ ይሠራል፤ ስለዚህ የውስጠኛው በይበልጥ መታጠፍ አለበት፡፡ ይህን የሚፈታው የመሪ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1818 ለንደን ውስጥ ለፈረስ ሠረገላ የተመዘገበ ሲሆን እስካሁን በአከርማን ስም ይጠራል፡፡ በሞዴል ላይ መሥራቱ ቀላል ነው፤ ጎማዎቹን የሚይዙት ሁለት አጫጭር ክንዶች ወደ ኋላ ሲዘረጉ ትንሽ ወደ ውስጥ ያዘንብሉ፣ ጫፎቻቸውን ደግሞ አንድ አግዳሚ ዘንግ ያገናኛቸው፡፡

ሁለተኛው የኋላ ጎማዎች ነው፡፡ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል 15 ሳንቲ ሜትር ርቀት ቢኖርና የውስጠኛው ጎማ በ30 ሳንቲ ሜትር ራዲየስ ቢታጠፍ፣ የውጭው በ45 ሳንቲ ሜትር ይታጠፋል፡፡ የውጭው አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ርቀት ይጓዛል ማለት ነው፡፡ ሁለቱም በአንድ ዘንግ ላይ ከታሰሩ አንደኛው መንሸራተት ግድ ይሆንበታል፤ መኪናዋም መታጠፍ ትቸገራለች፡፡ ዲፈረንሻል የተፈለገው ለዚህ ነው፡፡ ፈረንሳዊው ኦኔዚፎር ፔክር እ.ኤ.አ. በ1827 በእንፋሎት ለሚሄድ ተሽከርካሪ የሠራው ይህ መሣሪያ ዛሬ መንገድ ላይ በምናያቸው መኪኖች ሁሉ ማለት ይቻላል ይገኛል፡፡ በሞዴሉ ላይ አንዱን ጎማ በእጃችሁ ይዛችሁ ሞተሩን አስነሱ፤ ሌላው በእጥፍ ፍጥነት ሲዞር ታያላችሁ፡፡ መኪና አንድ ጎማው ጭቃ ውስጥ ሲገባ ለምን ያ ጎማ ብቻ በከንቱ እንደሚሽከረከርም በዚያው ይገባችኋል፡፡ ልጄ ይህን ባየች ዕለት በክረምት አያቷ ቤት ስንሄድ የተቀረቀርንበትን ቀን አነሳችብኝ፡፡

ባትሪና ጥንቃቄ

ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ሞተሮች በ9 ቮልት ይሠራሉ፡፡ ይህም እያንዳንዳቸው 1.5 ቮልት የሆኑ ስድስት ድንጋዮች ማለት ነው፡፡ ቻርጅ የሚደረጉት ግን እያንዳንዳቸው 1.2 ቮልት ስለሆኑ ስድስቱ 7.2 ቮልት ይሰጣሉ፤ መኪናዋ በአምስት አንድ ያህል ብትዘገይ ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ፡፡ አሮጌና አዲስ ድንጋይ አትቀላቅሉ፡፡ ሞተሩ ኤሌክትሪክ እየተሰጠው ከቆመ ወዲያውኑ አጥፉት፤ የቆመ ሞተር ከሚዞር ሞተር ይበልጥ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ የሚስበውንም በሙሉ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፡፡ የእኔ ሁለት ሞተሮች የጋሉት በዚህ ነው፡፡ ከግድግዳ ሶኬት ጋር በቀጥታ ማገናኘት ፈጽሞ የተከለከለ ነው፡፡

ካርቶን ከውጭ ካልመጣስ?

እነዚህ መጫወቻዎች ውድ ናቸው፤ በአብዛኛው የሚገቡትም በዘመድ ሻንጣ ነው፡፡ እኔ ራሴ ተጨማሪ ቁራጭ ፈልጌ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት አስመስሎ የተሠራ መገጣጠሚያ ማርሾቹ በዘንጉ ላይ የሚላወሱ፣ ቁራጮቹም ከተጻፈው ቁጥር ያነሱ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፡፡ የምትገዙ ካላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ካርቶኑን አስከፍታችሁ አንድ ማርሽ በአንድ ዘንግ ላይ ስኩና አዙሩት፤ ከላላ ተዉት፡፡

ካርቶን የግድ አይደለም፡፡ የእኔ ትውልድ ያደገው በሽቦ መኪና ነው፡፡ ሻንሲው ሽቦ፣ ጎማው ቆርኪ ወይም የጫማ ቀለም ቆርቆሮ፣ መሪው ደግሞ እስከ እጃችን የሚደርስ ረጅም ሽቦ ነበር፡፡ ስለ ሻንሲና ስለ መሪ ያን ጊዜ የተማርነው ቀላል አልነበረም፡፡ ያልነበረው ሞተር ብቻ ነው፤ ሞተሩ የእኛው እግር ነበር፡፡ ዛሬ ከተበላሸ የካሴት ማጫወቻ ወይም ከኮምፒዩተር ሲዲ ማንበቢያ ውስጥ ትንሽ የባትሪ ሞተር ይወጣል፡፡ ምናለሽ ተራ ብትዞሩ እንዲህ ያለ የወዳደቀ ዕቃ አታጡም፡፡ ማርሽ ባይገኝ በትንሽና በትልቅ መዘውር ላይ የብር ላስቲክ ማዞር ይቻላል፤ የትልቁ ስፋት የትንሹን ሦስት እጥፍ ከሆነ ምንዛሪው ያው ሦስት ለአንድ ነው፡፡ አንድ ብረት ቤት ላሜራ በቀጭኑ ቆርጦ በእኩል ርቀት ቢበሳላችሁ ደግሞ ሆርንቢ የጀመረበት ቦታ ላይ ናችሁ፡፡ ዋናው ነገር ርቀቱ እኩል መሆኑ ነው፡፡

ጣውላው ላይ

የጎበጠውን ዘንግ በሁለት ወገን ደገፍነው፤ ሻንሲው ላይም ሰያፍ ጨመርን፡፡ ሁለተኛውን ሞተርና ትርፉን ባትሪ አወረድን፡፡ መኪናዋ ጣውላው ሥር ስትደርስ እንደ ድሮው አላቃሰተችም፤ ድምጿ ትንሽ ወፈር አለና እንደ ዓባይ በረሃው ተሳቢ ቀስ እያለች ወጣች፡፡ በርጩማው ላይ ስትደርስ ልጄ አነሳቻት፡፡ ጮቤ ትረግጣለች ብዬ ስጠብቅ ወዲያው ሌላ በርጩማ ይዛ መጣች፤ ጣውላውን ከፍ ልታደርገው ነው፡፡

«አሁን ስንት ጥርስ ያስፈልጋል?» ብዬ ጠየቅኳት፡፡

ሚዛኑንና ሜትሩን እንዳመጣላት ነገረችኝ፡፡

በማግስቱ ሞዴሏን ለመካኒኩ ወስጄ አሳየኋቸው፡፡ ከሥሯ አገላብጠው የማርሹን ጥርስ በጥቁር ጥፍራቸው እየነኩ ቆጠሩና «አሁን አንደኛ ማርሽ ገብቷል» አሉ፡፡ እኔም ለልጄ ጥያቄ መልስ ያገኘሁ መሰለኝ፡፡ ኢንጂነር ነኝ፤ ግን ገና እየተማርኩ ነው፡፡